የጎረቤት ምስክርነት፦ በጎጃም አሳታፊ የጥራት ማረጋገጫ እንዴት ይቋቋማል

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ቲማቲም የሚመርጥ ሸማች ፍሬውን ቢያገላብጥና ቢያሸተው እንኳ፣ ማሳው ላይ ፀረ ተባይ መቼ እንደተረጨ ሊያውቅ አይችልም። በርበሬ ሲገዛ የሸክላ ዱቄት፣ ማር ሲገዛ ስኳር፣ ቅቤ ሲገዛ ሌላ ቅባት ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ይሰጋል። ስለዚህ የአካባቢ ስም ይዞ ይገዛል፤ የአዴት ጤፍ፣ የቡሬ በርበሬ ይላል። ስሙ ግን ጠባቂ የለውምና ከየትም የተጫነ ጤፍ ገበያ ሲደርስ የአዴት ተብሎ ይሸጣል። በዚህ የሚጎዳው ሸማቹ ብቻ አይደለም። ከርጭት በኋላ የተባለውን ቀን ቆጥሮ የሚሰበስበው ገበሬ፣ ትናንት ረጭቶ ዛሬ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ጋር አንድ ዋጋ ይቀበላል፤ ድካሙን የሚመሰክርለት የለም።

ይህንን ምስክርነት ለማግኘት የተለመደው መንገድ፣ ገለልተኛ የማረጋገጫ ድርጅት ባለሙያ ልኮ ማሳውን መርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ለላኪ ድርጅት ይህ የሚያዋጣ ወጪ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቃዳ (አንዱ ቃዳ ሩብ ሄክታር ያህል ነው) መሬት ላይ ሽንኩርትና ድንች ለሚያመርት የሜጫ ወይም የሰከላ ገበሬ ግን ክፍያው ትርፉን ይበላዋል፣ የሚጠየቀው የሰነድ ብዛትም ከአቅሙ በላይ ይሆናል። አሳታፊ የጥራት ማረጋገጫ የሚባለው ሥርዓት የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው አምራች ነው። በዚህ ሥርዓት መስፈርቱን የሚያወጡት፣ እርስ በርስ ማሳ የሚጎበኙትና ማን እንደሚያልፍ የሚወስኑት አምራቾቹ ራሳቸው፣ ከሸማቾችና ከባለሙያዎች ጋር ሆነው ነው። አሠራሩ በተለያዩ አገሮች በየፊናው ሲሞከር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በብራዚል ቶሬስ ከተማ ዓለም አቀፉ የኦርጋኒክ ግብርና ንቅናቄዎች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይፎም፣ ከላቲን አሜሪካ አጋሩ ጋር ባዘጋጀው ጉባኤ የጋራ መልክ መያዝ ጀመረ። ብራዚል በሕጓ አውቃዋለች፤ ሕንድም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በግብርና ሚኒስቴሯ በኩል ታካሂደዋለች።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ቁርጡን እወቁ፤ ይህ ማረጋገጫ የሚያገለግለው ለአገር ውስጥ ገበያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ለሚገባ የኦርጋኒክ ምርት አይቀበለውም። ዓላማችሁ ሰሊጥ ወይም ቡና ወደ ውጭ መላክ ከሆነ ሌላ መንገድ ያስፈልጋችኋል። ዓላማችሁ የባሕር ዳር ሆቴል፣ የፍኖተ ሰላም ሸማች ወይም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ የሚያዋጣ መንገድ አላውቅም።

ቡድኑን ስለ ማቋቋም

የሕንዱ ሥርዓት አንድ የአካባቢ ቡድን ቢያንስ 5 አምራቾች እንዲኖሩት ይጠይቃል። በእኔ ግምት ለጎጃም ከ8 እስከ 15 አባወራና እማወራ የያዘ ቡድን ይመቻል፤ ከዚህ ካነሰ ጉብኝቱ በሁለትና በሦስት ሰው ላይ ይወድቃል፣ ከዚህ ከበዛ ደግሞ ሰው የማያውቀውን ማሳ እንዲመሰክር ይገደዳል። አባላቱ በእግር የሚገናኙ፣ ቢቻል በአንድ የውሃ መስመር የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች ይሁኑ። በቆጋ መስኖ ላይ አንዱ የረጨው መድኃኒት በነፋስም በውሃም ወደ ሌላው ስለሚደርስ፣ በአንድ ቦይ ላይ ያሉ ገበሬዎች አብረው ካልገቡ የአንዱ ጥንቃቄ በሌላው ይበላሻል።

አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትቸኩሉ። በቀበሌው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ቡድኑ በሥሩ እንደ አንድ ንዑስ ክፍል ቢደራጅ ይሻላል፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ውል መፈረም፣ የባንክ ሒሳብ መክፈትና እንደ መርከብ፣ ዳሞት ወይም ጎዛምን ባሉ ዩኒየኖች በኩል መሸጥ ይችላልና።

በመዝገቡ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፍ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ማሳ ላይ የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ቢሆንም፣ በርበሬውን የምታሰጣው፣ እህሉን ጎታ የምታስገባውና የምትጠብቀው፣ ቅዳሜ ገበያ ይዛ የምትወጣውም ሴቷ ናት። የምርት ጥራት ከሚበላሽባቸው ቦታዎች ግማሾቹ በእርሷ እጅ ስላሉ፣ እርሷ ያልፈረመችበት ቃል ኪዳን ግማሽ ቃል ኪዳን ነው።

ከአምራቾቹ ሌላ ቢያንስ ሁለት ሸማቾች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይግቡበት፤ አንዱ የሆቴል ዕቃ ግዥ ኃላፊ ወይም ወጥ ቤት፣ ሌላው የከተማ ነዋሪ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ቢሆን መልካም ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በአማካሪነት ይኑር፣ ድምፅ ግን አይስጥ። ብዙ ቡድኖች ባለሙያውን ሰብሳቢ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ እርሱ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ዕለት ቡድኑም አብሮ ይበተናል።

መስፈርቱ በአንድ ገጽ

መስፈርቱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ማንበብ ለማይችል አባል ጮክ ተብሎ የሚነበብ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ነጥብም በዓይን የሚታይ ወይም በጥያቄ የሚጣራ ይሁን። «አካባቢን እንጠብቃለን» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይቃወምም፣ ማንም ግን ሊመረምረው አይችልም። «በማሳው ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የዝሆን ሣር ወይም የሰስፓንያ አጥር አለ» የሚለውን ግን የአሥር ዓመት ልጅም ያጣራዋል።

ቀጥሎ ደረጃውን ወስኑ። ሕንዶቹ በሽግግር ላይ ላለ ማሳ አንድ ምልክት፣ ሙሉ በሙሉ ኦርጋኒክ ለሆነው ሌላ ምልክት አላቸው። እዚህም እንዲሁ ሁለት ደረጃ እንዲኖር እመክራለሁ። የመጀመሪያው «ደኅንነቱ የተጠበቀ» ነው፤ ዩሪያና ኤንፒኤስ የተባሉት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያዎች ይፈቀዳሉ፣ ፀረ ተባይ ግን በጥብቅ ሥርዓት ብቻ ይረጫል። ሁለተኛው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የሚመረትበት ነው፤ ለዚህ ማሳው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የሽግግር ጊዜ ያስፈልገዋል። አንዳንዱ ቡድን ገና ሲጀምር «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል ከረጢት ላይ ማተም ያምረዋል። አገሪቱ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ያላት በመሆኑና ዩሪያ የተበተነበትን ሽንኩርት በዚያ ስም መሸጥ ግልጽ ማታለል ስለሆነ፣ ቃሉን ለሁለተኛው ደረጃ አቆዩት። በነገራችን ላይ፣ በደጋው አሲዳማ አፈር ላይ የሚበተነው የግብርና ኖራ በሁለቱም ደረጃ ቢፈቀድ ችግር የለውም።

ስለ ፀረ ተባይ የሚወጣው መስፈርት ዋናው ነው። ገበሬው የአረሙንም የተባዩንም የሻጋታውንም በአንድ ቃል «መድኃኒት» ይለዋል፤ ስለዚህ መስፈርቱ መልካቸውን ይለይ። በመያዣው ታች ያለው ቀለም የአደገኝነቱን ደረጃ ያሳያል፤ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ ከዚያ የሚቀጥል፣ ከዚያም ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው። ቡድኑ ቀይ መስመር ያለበትን ከነአካቴው ቢከለክል ማንበብ የማይችለውም አባል ሊያከብረው ይችላል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይን ስለሚከለክል፣ ጽሑፉ የተፋቀ ወይም በውሃ ፕላስቲክ ተገልብጦ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ወደ ማሳ አይግባ። ዲዲቲ በስቶክሆልም ስምምነት መሠረት ወባን የመሰሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ የተተወ ስለሆነ በእህልም በአትክልትም ላይ ቦታ የለውም። ከርጭት እስከ አዝመራ የሚቆጠረው ቀን ከመድኃኒት መድኃኒት፣ ከሰብል ሰብልም ስለሚለያይ በልማድ አይገመት፤ በመያዣው ላይ የተጻፈው ይከበር። ባዶው መያዣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይመለስ፣ ከዚያም መያዣው ይበሳ፤ የዘይት ወይም የጠላ ዕቃ ሆኖ እንዳይገኝ።

በጎተራ ውስጥ ደግሞ ነቀዝን ለመከላከል የሚጣለው እንክብል ትልቁ ስውር አደጋ ነው። ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በጎጃም ብዙ ቤት ደግሞ ጎታው ያለበት ክፍልና ልጆች የሚተኙበት ክፍል አንድ ነው። በምትኩ ሦስት ሽፋን ያለው፣ በተለምዶ ፒክስ ከረጢት የሚባለው አየር የማያስገባ ከረጢት ያለ ምንም መድኃኒት ነቀዙን አፍኖ ይገድለዋል። ይሁንና እህሉ በሚገባ ሳይደርቅ ከታሸገ ይሻግታል። የበቆሎውን ድርቀት ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን ያህል በቆሎ ሙሉበት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ናጡት፣ ከዚያም ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ አምራቾችም ለሻጋታ መርዝ፣ ማለትም ለአፍላቶክሲን፣ በር የሚከፍተውን በባዶ መሬት ማስጣት በመስፈርታቸው ይከልክሉ፤ ሸራ ወይም ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ይበቃል።

ለአትክልት አምራቾች ሁለት ነጥብ ልጨምር። ትኩስ እበት ወይም የዶሮ ኩስ በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ አይጨመር፤ ይብሰል፣ ኮምፖስት ይሁን። የተነቀለ ካሮትና ሰላጣም ከብት በሚጠጣበት ቦይ አይታጠብ።

ጉብኝቱ

ሥርዓቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚጥለው ደግሞ ይሉኝታ ነው። እኔ ያገዝኩት አንድ ቡድን በመጀመሪያው ዓመት 14 የጉብኝት ቅጽ ሞልቶ አመጣልኝ፤ በአሥራ አራቱም ላይ «ምንም ችግር አልተገኘም» የሚል ተጽፏል። ደስ አላለኝም። ማን ማንን እንደጎበኘ ስጠይቅ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመራርጠው እንደነበር ታወቀ፤ ጠዋት እኔ ያንተን፣ ከሰዓት አንተ የእኔን። ግማሾቹ አበልጅ ነበሩ። ልጁን ክርስትና ያነሳለትን ሰው ማን ደፍሮ ይከሳል? በሚቀጥለው ዙር አሠራሩን ለወጥን። በዚህ ጊዜ አንዲት ጎብኚ እናት ጎታው ሥር ጎንበስ ብለው ከተከመረው ኩበት ኋላ ባዶ የእንክብል ቆርቆሮ አወጡ። ባለቤቱ አልካደም፤ ለካ እስከዚያ ቀን ጎታው ሥር ጎንበስ ያለ አልነበረም።

ከዚህ የተማርነው ሥርዓት እንዲህ ነው። አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን እያለ በክብ ይጎበኛል እንጂ የጎበኘኝን መልሼ አልጎበኝም። በእያንዳንዱ ጉብኝት ሦስት ሰው ይሄዳል፤ ሁለት አምራቾችና አንድ ሸማች፣ ከሦስቱም ቢያንስ አንዷ ሴት። ጎብኚው ከተጎብኚው ጋር አበልጅ፣ አማች፣ የቅርብ ዘመድ ወይም የድንበር ክርክር ያለው መሆን የለበትም፤ ጠበኛም እንደ ወዳጅ ሁሉ ምስክርነቱ አይታመንም። ማን ማንን እንደሚጎበኝ የሚለየው ዕጣ የሚወጣው በጉብኝቱ ዋዜማ ነው። ጠላና እንጀራ ማቅረብ ወጋችን ስለሆነ አይከልከል፤ ብቻ ቅጹ ተሞልቶ ከተፈረመ በኋላ ይቅረብ።

ለጉብኝት ቀን መምረጥ በእኛ አገር አያስቸግርም። በሚካኤል፣ በማርያምና በበዓለ ወልድ ዕለት ገበሬው በሬ አይጠምድም፣ አያርስም፤ ማሳ ዞሮ ማየትና መመካከር ግን አይከለከልም። ወር በገባ በ12፣ በ21 ወይም በ29 ከቅዳሴ በኋላ ቢደረግ ሥራ አይፈታም፣ ሰውም ቤቱ ይገኛል። በመስኖ ለሚለማ ሽንኩርት ሁለት ጉብኝት ይበቃል፤ አንዱ ርጭት በሚበዛበት ወቅት፣ ሁለተኛው አዝመራው ከመነቀሉ አሥር ቀን ያህል አስቀድሞ።

አካሄዱም ሥርዓት ይኑረው። መጀመሪያ የማሳው ባለቤት የርጭት ደብተሩን ያውጣ፤ የረጨበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የረጨው ሰው ስም በየመስመሩ ይገኛል። ደብተሩን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቀን ተቀምጦ የተሞላ ደብተር ያስታውቃል። ላብና ጭቃ ያልነካው ገጽ ካያችሁ ጠይቁ። ከዚያ ማሳውን በዳር በዳር ሳይሆን በመካከሉ አቋርጡ፤ ቦዩን ተከትላችሁ የተጣለ ፌስታልና ጠርሙስ ፈልጉ፤ መርጫው የት እንደሚሰቀል፣ ጎተራው ሥር፣ ቆጡ ላይ፣ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። በመጨረሻ የቤቱን እመቤትና ማሳ የሚውለውን ልጅ ለብቻ፣ በጨዋ ቋንቋ ጠይቁ። «ርጭት መቼ ነበር?» ከማለት «ባለፈው ሲረጭ ከብቶቹን የት አሰማራችኋቸው?» ማለት ይሻላል፤ ሰው ቀኑን ቢረሳ ከብቱን አይረሳም።

ጎብኚዎቹ ሰላይ ሆነው የመጡ አይምሰላቸው፣ አይምሰሉም። ከጥፋት ባሻገር አንድ ሊቀዳ የሚገባው በጎ ነገር በቅጹ ላይ የመጻፍ ግዴታ ይኑርባቸው። አንዱ ጓሮው የሚያዘጋጀው የትል ኮምፖስት ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በዚህ ነው፤ መማማር ከሥርዓቱ መሠረቶች አንዱ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ውሳኔና ቅጣት

ሦስት አምራቾችና ሁለት ሸማቾች ያሉበት ኮሚቴ ቅጾቹን ተመልክቶ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ያነባል፤ በስውር የሚታይ ነገር አይኑር። ቅጣቱ አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፤ ለምሳሌ የደብተር ጉድለት ማስጠንቀቂያ፣ ከርጭት እስከ አዝመራ የሚቆጠረውን ቀን አለማክበር የአንድ አዝመራ እገዳ፣ የተከለከለ መድኃኒት መጠቀም ወይም የውጭ ምርት መቀላቀል የሁለት ዓመት እገዳ። ሽማግሌዎች ገብተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንዲባል መጠየቃቸው አይቀርም፤ ክፋትም የለበትም። ሰውየው ይቅር ይባል፣ ወዳጅነቱ ይቀጥል፤ የዚያ ማሳ ሽንኩርት ግን በቡድኑ ከረጢት አይገባም። ይህን ልዩነት በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩት፤ በክርክር መካከል አንብቦ ማሳየት ከመከራከር ይቀልላል።

ለገበያ ሲቀርብ

ማኅበሩ በዚያ ዓመት መስፈርቱን ላሟሉ አባላት ብቻ ከረጢትና መለያ ያድላል። በመለያው ላይ የቡድኑ ስም፣ ቀበሌው፣ ደረጃው፣ የማሳው ቁጥርና የተሰበሰበበት ቀን ይጻፍ። የማሳው ቁጥር ከሌለ ቅሬታ ሲመጣ ጥፋቱ በሁሉም ላይ ይወድቃል።

የውጭ ምርት መቀላቀልን የሚያስቀረው ቁልፍ ዘዴ ስሌት ነው። በሁለተኛው ጉብኝት ጊዜ ጎብኚዎቹ ከማሳው የሚጠበቀውን ምርት በኩንታል ገምተው ይጽፋሉ፤ የከረጢቱም ብዛት በዚያው ልክ ይታደላል። ከአንድ ቃዳ 50 ኩንታል ይወጣል ተብሎ የተገመተበት ገበሬ ተጨማሪ የ20 ኩንታል ከረጢት ሊጠይቅ ከመጣ፣ ወይ ግምቱ ተሳስቷል፣ ወይ ከጎረቤት ገበያ ገዝቷል፤ ኮሚቴው ወርዶ ማሳውን ያያል።

ዋጋን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከገበያው ብዙ ከፍ ያለ ዋጋ አትጠብቁ። የመጀመሪያው ጥቅም ደላላን ማለፍና ቋሚ ገዢ ማግኘት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የተተከለ የመስኖ ሽንኩርት በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በዐቢይ ጾምና በፋሲካ አካባቢ፣ ስለሚደርስ ተፈላጊነቱም አቅርቦቱም አብሮ ይጨምራል፤ ውሉን ከሆቴሉ ወይም ከሸማቾች ማኅበሩ ጋር ከጥር ሳያልፍ ተፈራረሙ። በውሉ ላይ ገዢው በዓመት አንድ ጊዜ ማሳ ድረስ መጥቶ ከጎብኚዎቹ አንዱ እንደሚሆን ይጻፍ። ለትራንስፖርቱ ወጪ ከእያንዳንዱ ከተሸጠ ኩንታል ላይ ትንሽ ተቀንሶ በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ ደብተርና ብዕርም ከዚያው ይገዛል።